በእርግዝናሽ ኮሮና ይዞሽ ነበር? የልጅሽን የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲህ ያዢው

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም የሚመጣው ጥያቄ ቃሉ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። «ልወልድ ሳምንት ሲቀረኝ ኮሮና ተገኘብኝ፤ ልጄን ማቀፍ እችላለሁ?» መልስ ሳይገኝ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይወስናል። ልጁ አያቱ ጋ ይተኛል። ጡት ይቆማል። የቆርቆሮ ወተት ይገዛል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደክሞ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የጎዳው ብርድና ረሃብ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ልጁን ከአንቺ አትለዪው፤ ከጎንሽ አድርገሽ ጠብቂው። የሚቀረው ሁሉ አጠባበቁ ነው።

አብሽሪ፤ ኮሮና ይዟቸው የወለዱ የብዙዎቹ እናቶች ልጆች ቫይረሱ ሳይይዛቸው ይወለዳሉ። ማህፀን ውስጥ እያለ ወደ ልጁ የሚተላለፈው አልፎ አልፎ ነው። በጡት ወተት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ልጁን የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ በትንፋሽ፣ በሳልና በእጅ ነው፤ ይህንን ደግሞ መከላከል ይቻላል። በደንብ ልታስቢበት የሚገባው ሌላ ነው። በእርግዝና ጊዜ ኮሮና የያዛት እናት ልጇን ያለ ጊዜው የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይበርደዋል፣ ለመጥባት አቅም ያንሰዋል፣ ትንፋሹም ያስቸግረዋል።

## ደረጃ 1፦ የትኛዋ እንደሆንሽ ለዪ

ይህን ሳይለዩ መጀመር ነው ብዙውን ሰው የሚያምታታው።

ሀ. ከወራት ወይም ከብዙ ሳምንታት በፊት ይዞሽ ድነሻል። ማስክ አያስፈልግሽም፤ ጥንቃቄሽ እንደማንኛዋም አራስ ነው። ግን ለአዋላጇ ንገሪያት፤ «በስድስት ወሬ ኮሮና ይዞኝ ነበር» በያት፣ ካርድሽ ላይ ትጻፈው። የማስኩንና የጠያቂውን ነገር እለፊው፤ የሙቀቱን፣ የትንፋሹንና የክትትሉን ግን አንብቢ።

ለ. በወለድሽ ሰሞን ይዞሻል። ይህ መመሪያ በዋናነት ለአንቺ ነው። መጀመሪያ ያመመሽን ቀን አስታውሺ። ከማግስቱ ጀምረሽ 10 ቀን ቁጠሪ። 10ኛው ቀን ሲያልፍ፣ መድኃኒት ሳትወስጂ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ከቆየሽ፣ እና ሳልሽ እየቀለለ ከሆነ ጥንቃቄውን ማላላት ትችያለሽ። ምንም ሳያምሽ በምርመራ ብቻ ከተገኘብሽ ደግሞ ከተመረመርሽበት ቀን ቁጠሪ። ቀኑን በቃል አትያዢው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ አክብቢው።

ሐ. በጣም ታመሽ ኦክስጅን ላይ ነበርሽ። 10 ቀን ላይበቃሽ ይችላል። ቆጠራውን ሐኪምሽ ይወስንልሽ።

ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሽታ መጥፋት እያለብሽ ሳትመረመሪ ከወለድሽስ? እንደ «ለ» ያዢው። ጉንፋን ቢሆን እንኳ ማስኩ አይጎዳሽም።

## ደረጃ 2፦ ምጥ ከመምጣቱ በፊት አዘጋጂ

የምትወልጂበትን ቦታ ወስኚ። ቤት ለመውለድ አታስቢ። ልጁ ያለ ጊዜው ከመጣ ወይም አንቺን ትንፋሽ ካጠረሽ የሚያስፈልገው ነገር ቤት ውስጥ የለም። ቀኑ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያሽ ደውዪና ኮሮና እንደያዘሽ ንገሪያቸው፤ ማረፊያ ለይተው ይጠብቁሻል። ሩቅ ገጠር ከሆንሽና የእናቶች ማቆያ ልትገቢ ካሰብሽ፣ ከሌሎች እርጉዞች ጋር አንድ ክፍል ከመግባትሽ በፊት ተናገሪ። ምጥ ከ37 ሳምንት በፊት ከጀመረሽ ጨቅላ ሕፃናትን የሚያክም ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሻላል፤ ደሴም ወልዲያም አለ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲልሽ «እስኪ ትንሽ እንይ» አትበዪ።

ዕቃ። ብዙ አይደለም፦

- የሕክምና ማስክ፤ ካልተገኘ ሊታጠብ የሚችል የጨርቅ ማስክ ሦስት አራት
- ሳሙና
- በብብት የሚለካ ዲጂታል ቴርሞሜትር (ፋርማሲ አለ፤ ከማንኛውም የልጅ ልብስ በፊት ይህን ግዢ)
- ለልጁ ሁለት ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ንጹህ ነጠላና ወፈር ያለ ማቀፊያ
- ክዳን ያለው ትንሽ ኩባያ፣ ምናልባት ወተት ማለብ ካስፈለገ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ስልክሽ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁጥር፣ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ቁጥር፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907

የምታርስሽ ሰው። ይህ ከዕቃው ይከብዳል። እኛ ጋ ልጅ ስትወልድ እናት ቅቤና ገብሱን ጭና ትመጣለች፤ አትምጪ ማለት ነውር ነው። ግን እናትሽ ዕድሜያቸው ከገፋ ወይም ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ካለባቸው በአስሩ ቀን ውስጥ ክፍልሽ መግባት የለባቸውም። ከልጁ ይልቅ እሳቸውን ሊጥላቸው ይችላል። ቀድመሽ ደውዪና ሥራ ስጫቸው፦ «እማዬ፣ ገንፎውን አንቺ ነሽ የምታገነፊው፤ የምታስገባልኝ እህቴ ናት። ልጁን በአስራ አንደኛው ቀን አቅፈሽ ትመርቂዋለሽ።» እናት ሥራ ካላት አትቀየምም። ወደ ክፍልሽ የምትገባዋ አንዲት ጤነኛ ሰው ትሁን፤ ዛሬ አንዷ ነገ ሌላዋ አይሁን።

## ደረጃ 3፦ የወለድሽ ዕለት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ምጥ ላይ ማስክ ካፈነሽ ለአዋላጇ ንገሪያት። ልጁ ሲወጣ ግን አፍሽና አፍንጫሽ ተሸፍኖ ይጠብቀው።
2. ልጁ ተጠራርጎ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ራቁቱን ደረትሽ ላይ ይተኛ፤ በላይ ይሸፈን። ይህ ኮሮና ላለባት እናትም ይደረጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው።
3. በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫውን እንገር እንዳታፈሺው።
4. የቫይታሚን ኬ መርፌው፣ የዓይን ቅባቱ፣ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ) እና የፖሊዮ ጠብታው በኮሮና ምክንያት አይዘለሉም። ልጁ በጣም ትንሽ ወይም የታመመ ከሆነ ባለሙያው ክትባቱን ሊያዘገየው ይችላል፤ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቂ።
5. ገላውን 24 ሰዓት ሳይሞላው አትጠቡት። «ቫይረሱ ይጠብለት» ብሎ ማጠብ ልጁን ማብረድ ነው።
6. ለልጁ ምርመራ ካለ አንዴ 24 ሰዓት ሲሞላው፣ ሁለተኛ 48 ሰዓት አካባቢ ይወሰዳል። ምርመራ ከሌለ አትጨነቂ፤ በደረጃ 6 እንደተጻፈው መጠበቁ ይበቃል።
7. ደህና ብትሆኑም ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ቆዩ።

ከመውጣትሽ በፊት የልጁ ክብደት ካርዱ ላይ መጻፉን እዪ። ሲጠባ ባለሙያ ይየው። የመመለሻ ቀንሽን ጠይቂ።

«ልጁ ይለይ» ከተባልሽ፦ ሳትጣዪ ምክንያቱን ጠይቂ። ልጁ ትንፋሽ ካስቸገረው ወይም አንቺ ራስሽን መሸከም ካቃተሽ መለየቱ ትክክል ነው። ምክንያቱ ኮሮና ብቻ ከሆነ ግን «ማስክ አድርጌ፣ እጄን ታጥቤ አብሬው ልሁን» በይና ኃላፊውን ሐኪም አነጋግሪ። መለየቱ ግድ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወተት ማለብ ጀምሪ፤ ነገ አትበዪ።

## ደረጃ 4፦ ጡት ማጥባት

በእያንዳንዱ ጊዜ፦

1. እጅሽን በሳሙና 20 ሰከንድ ታጠቢ። የጣት መሃልና ጥፍር ሥር እንዳይረሳ። በንጹህ ፎጣ አድርቂ።
2. ማስኩን ከአፍንጫሽ በላይ አድርጊ። አገጭ ላይ ያለ ማስክ ጌጥ ነው።
3. ጡትሽን በየጊዜው ማጠብ አያስፈልግም። ደረትሽ ላይ ካሳልሽ ወይም ካነጠስሽ ብቻ በውሃና በሳሙና እጠቢው።
4. ልጁ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂና ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክብ ጭምር ያጉርስ።
5. ሲጠግብ አስገሺው፤ ከዚያ መኝታው ላይ በጀርባው አስተኚው።
6. እጅሽን እንደገና ታጠቢ።

በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ሌሊትም ጭምር። ጨቅላ ልጅ ተኝቶ 4 ሰዓት ካለፈው ቀስቅሺው። «ሰላም ሰጠኝ» የሚባለው እንቅልፍ አንዳንዴ የድካም ነው።

ማስክ ካለቀ፦ ጡት አይቆምም። የታጠበ ነጠላ አፍና አፍንጫሽ ላይ እጥፍ አድርገሽ እሰሪ፤ ሳል ሲመጣ ፊትሽን አዙረሽ ክንድሽ ላይ ሳዪ። ነጠላውን በየቀኑ እጠቢው። ልጁን ግን ማስክ እንዳታደርጊለት። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስክ ማፈኛ ነው።

መጥባት ካቃተው ወይም አንቺ ከደከምሽ፦ እለቢለት። አውራ ጣትሽን ከጥቁሩ ክብ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከሥር አድርጊ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን አትጎትቺ፤ ያማል እንጂ ወተት አያመጣም። ጡት እያቀያየርሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆዪ። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ብቻ ቢወጣ እንዳትደነግጪ፤ የአንድ ቀን ልጅ ሆድም ትንሽ ነው። በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ ካላለብሽ ወተቱ ይቀንሳል። የታለበው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተከድኖ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ፍሪጅ ካለ እስከ 4 ቀን።

የሚያጠጣው ጤነኛ ሰው ይሁን። ልጁን ቀና አድርጎ ይያዘው፣ ኩባያውን ከታችኛው ከንፈሩ ያስነካ፣ ልጁ ራሱ በምላሱ ይሳበው። አፉ ውስጥ አይፈስስ፤ ትን ይለዋል። ጡጦ ይቅር። መጠኑን ክብደቱን አይቶ ባለሙያው ይንገርሽ።

ከጡት ወተት ሌላ፦ ምንም። ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር በውሃ፣ ጤና አዳም፣ አብሽ፣ አንዱም አይገባም። ተምር የሚያስነኩ ቤተሰቦች ከሸኹ ጋር ተነጋገሩ፤ ከሰው አፍ ወጥቶ ልጅ አፍ የሚገባ ነገር በዚህ ሰሞን ይለፍ። ሲያለቅስ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አታስቆርጡ። ሲቆረጥ የሚፈሰው ደም ለጨቅላ ልጅ ብዙ ነው።

ለራስሽ ትኩሳት ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ፤ ጡት ማጥባት አይከለክልም። ለልጁ ግን ባለሙያ ሳያዝ እንዳትሰጪው።

## ደረጃ 5፦ ሙቀቱን ጠብቂ

ደሴ ላይ ክረምቱም የጥቅምቱ ሌሊትም ልጅ ያበርዳል። ከደሴ የባሰ የሚበርዱትን ጉጉፍቱንና አቀስታን ተይው። ቆቦና ሐርቡ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰው በሙቀት መሃል በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልሎት ልጁ ያተኩሳል፤ ያኔ «ኮሮናው ያዘው» ተብሎ ይሮጣል። በግምት አትሂጂ፤ ለኪ።

አለካክ፦ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ አድርጊ፣ ክንዱን ወደ ጎኑ ጠጋ አድርገሽ ያዢ፣ ድምፅ እስኪሰጥ ጠብቂ። በቀን ሁለት ጊዜ፤ ጠዋትና ማታ። ትክክለኛው ከ36.5 እስከ 37.4 ዲግሪ ነው።

ከ36.5 በታች ከሆነ፦ ልብሱን አውልቂ፤ ኮፍያ፣ ካልሲና ሽንት ጨርቅ ብቻ ይቅር። ማስክ አድርገሽ ራቁት ደረትሽ ላይ፣ በሁለት ጡቶችሽ መሃል፣ ቀጥ አድርገሽ አስተኚው። ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፤ አፍንጫው አይሸፈን። በነጠላ አንቺና እሱን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ጋቢ ከላይ ደርቢ። አጥቢው። ከ1 ሰዓት በኋላ ለኪ። ካልጨመረ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ከ35.5 በታች ከሆነ ሰዓቱን ሳትጠብቂ፣ ደረትሽ ላይ እንዳለ ተነሺ።

37.5 ከደረሰ ወይም ካለፈ፦ አንድ ልብስ ቀንሺ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቂው፣ አጥቢው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለኪ። ካልወረደ ሂጂ። 38 ከደረሰ አትጠብቂ። በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል የለም።

ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የነበረ ልጅ ሳይበርደውም ገላ ለገላ ይያዝ። ካንጋሮ የሚሉት ይህንን ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት። አንቺ ስትደክሚ አባቱ ደረቱን ከፍቶ ይያዘው፤ ጤነኛ ከሆነ፣ ማስክ ካደረገና እጁን ከታጠበ። ወንድ ልጅ አራስ ክፍል አይገባም የሚለውን ለዚህ ሰሞን እናቆየው።

ከሰል! ይህን ቆሜ መናገር እፈልጋለሁ። ብርድ ነው ተብሎ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ የከሰል ምድጃ እግር ሥር ይቀመጣል። ከሰሉ የሚያወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ አንቺ ደግሞ ኮሮናው ማሽተቻሽን ወስዶብሽ ከሆነ የሚጨሰውን እንኳ አታውቂም። ራስ ምታትና ድካሙን ሰው ለኮሮናው ይሰጠዋል። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይቅር።

## ደረጃ 6፦ ትንፋሹን ቁጠሪ

ኮሮናም ሆነ የሳንባ ምች ጨቅላ ልጅ ላይ ቶሎ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ትንፋሹ ነው። ሰው የሚሳሳተው አቆጣጠሩ ላይ ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል። ስለዚህ ሙሉ 1 ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው።

1. ልጁ ጠብቶ የተኛበትን ወይም ዝም ያለበትን ጊዜ ምረጪ። ሲያለቅስ የተቆጠረ አይሠራም።
2. ልብሱን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጊ። ብርሃን ይኑር።
3. ስልክሽ ላይ 60 ሰከንድ ሙዪ።
4. ሆዱን እዪ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በከንፈርሽ ሳይሆን በጣትሽ ቁጠሪ፤ ድምፅሽ ይቀሰቅሰዋል።
5. 60 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ትንሽ ጠብቀሽ ድገሚ። ሁለተኛውም 60 ከሞላ ሂጂ።

እየቆጠርሽ ደረቱንም እዪ። ትንፋሽ ሲስብ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ በጣም የሚሰረጎድ ከሆነ፣ አፍንጫው ከተነፋፋ፣ ወይም ሲያስወጣ የሚያቃስት ድምፅ ካለው ቁጥሩ 50 ቢሆንም ሂጂ።

ማስነጠስ ብቻውን አያስፈራም፤ ጨቅላ ሁሉ ያነጥሳል። አፍንጫው ታፍኖ መጥባት ካስቸገረው ፋርማሲ የሚሸጠውን የጨው ውሃ ጠብታ ባለሙያ ጠይቀሽ ተጠቀሚ። በአፍ መምጠጥ አይፈቀድም፤ በተለይ በአስሩ ቀን ውስጥ።

ያን ወረቀት አሁን አውጪ። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ጠባ፣ ሽንት 1፣ ሙቀት 36.7፣ ትንፋሽ 48።» ትንፋሹን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሽንቱን ሁሉንም ጻፊ። ሽንት በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለቴ ሊሆን ይችላል፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካነሰ ወተቱ አልደረሰውም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ይህ ወረቀት «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደዚህ ሆነብኝ» ከሚለው ይሻላል።

## ደረጃ 7፦ ክፍሉና ጠያቂው

ጡት በማታጠቢበት ጊዜ የልጁ መኝታ ከአንቺ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይራቅ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ መኝታውን በእግርሽ በኩል አድርጊው፤ ትንፋሽሽ በቀጥታ አይደርሰውም። ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው፣ ያለ ትራስ ይተኛ። ታመሽ ስትደክሚ ጎንሽ አስተኝተሽው እንቅልፍ እንዳይጥልሽ።

መስኮት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሩብ ሰዓት ይከፈት። «ምች ይመታታል» የሚሉ አሉ። ልጁን ደረትሽ ላይ ጠቅልለሽ ከንፋሱ መንገድ ዞር በዪ፤ ከዚያ ይከፈት።

ቡናው ይፈላ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካውም ይጠጣ። ግን ሳሎን ወይም ደጅ። እጣኑም እዚያው ይጨስ። ጠያቂ ከበር መለስ ብሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ይበልሽ፤ ምርቃት በበርም ይደርሳል። ልጁን መሳም ግን ለማንም አይፈቀድም።

በወለድሽ ዕለት ያመመሽ ከሆነ የ7ኛው ቀን አቂቃና የ8ኛው ቀን ግርዛት ሁለቱም በአስሩ ቀን ውስጥ ይወድቃሉ። ድግሱ ደጅ ይሁን ወይም ይለፍ። ግርዛቱ ለሌላ ጊዜ ይቀጠር፤ ልጁ ጠንክሮ፣ ጤና ተቋም ይደረግለት። አዛን የሚያሰሙት ሰው ጤነኛ ይሁኑ፣ ማስክ ያድርጉ። ክርስትናው 40 እና 80 ቀን ስለሆነ አያሳስብም።

እትብቱ ላይ ቅቤም፣ አመድም፣ እበትም አይደረግ። ጤና ጣቢያው የክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጠሽ እትብቱ ላይ ብቻ፣ በነገሩሽ መሠረት። ከዓይን ቅባት ጋር እንዳይምታታብሽ ለየብቻ አስቀምጪ፤ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ዓይን ይጎዳል።

## ደረጃ 8፦ ሳትጠብቂ የምትሄጂባቸው ምልክቶች

ልጁ ላይ፦

- መጥባት ካቆመ፣ ወይም ይጠባ የነበረው ከደከመ
- ትንፋሹ 60 ከሞላ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ
- ከተንዘፈዘፈ
- ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ
- ሙቀቱ በደረጃ 5 እንደተባለው ከሆነ
- ቢጫነቱ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከታየ፣ ወይም በማንኛውም ቀን መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ (ፀሐይ ላይ ማስጣት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም)
- የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ

አንቺ ላይ፦ ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ (ኮሮናም ወሊድም ደም ያረጋሉ)፣ ራስ ምታቱ በርትቶ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከረጠበ። ሰው ሁሉ ልጁን ሲያይ እናቲቱ ትረሳለች። የምታርስሽ ሰው ይህን አንቀጽ ታንብበው።

አካሄዱ፦ ልጁ ደረትሽ ላይ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ጋቢ ከላይ። ባጃጅ ከሆነ የንፋሱ በኩል ይሸፈን። መጥባት ከቻለ መንገድ ላይም ይጥባ። ካርዱንና ወረቀቱን ያዢ። በር ላይ ስትደርሺ «የስንት ቀን ልጅ ነው፣ ኮሮና ይዞኛል» ብለሽ መጀመሪያ ተናገሪ። ሌሊት ከሆነ «እስኪነጋ» አይባልም፤ አምቡላንስ ጥሪ፤ ካልመጣ ጎረቤት ቀስቅሺ።

## ደረጃ 9፦ ደህና ከሆነም ቀጠሮው አይቀርም

በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንት ልጁ ይታይ። በአስሩ ቀን ውስጥ ያለው ቀጠሮ ከደረሰ ቀድመሽ ደውዪ፤ ቤት መምጣት ከቻለች ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማስክ አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ጠብቂያት።

ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ግን የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት። ካልመለሰ የጡቱ አያያዝ እንደገና ይታይ፤ ጣሳ ወተት ለመግዛት አትቸኩዪ። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ክትትሉ ይበዛል፤ ዓይኑና ጆሮው መቼ እንደሚመረመሩም ጠይቂ።

የ6ኛው ሳምንት ክትባት በቀኑ ይሰጥ። ኮሮና ይዞሽ መውለድሽ ክትባት ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። በዕለቱ የልጁን የክትባት ካርድ፣ የአንቺን የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ ያንንም ወረቀት አንድ ላይ ይዘሽ ሂጂ።